ውሻውንም ቁጠሩት፦ ስለ ቤተሰብ የክፉ ቀን ዝግጅት

ግልጽ ደብዳቤ

ለባሌ ዞን አስተዳደር፣
በዞኑ ለአደጋ ስጋት ሥራ አመራርና ለቡሳ ጎኖፋ ኃላፊዎች፣
በሮቤና በጎባ ለሚገኙ የግብርናና የጤና ጽሕፈት ቤቶች፣
ለኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት

ጉዳዩ፦ ለከባድ የአየር ጠባይ የሚደረገው የቤተሰብ ዝግጅት የቤት ውሻን እንዲጨምር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። ቤተሰቦችን ለከባድ የአየር ጠባይ ስታዘጋጁ ውሻቸውንም ቁጠሩላቸው። ሶፋ ላይ ተኝቶ ከሰው እጅ የሚጎርሰው ቅምጥል የከተማ ውሻም፣ መንጋ ተከትሎ ተራራ የሚወጣው የገበሬ ውሻም በዕቅዱ ውስጥ ይነሳ። ሰው በሚቸገርበት አገር ስለ ውሻ ማውራት ቅንጦት የሚመስለው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ለእሱ የምመልሰውን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን አቋሜን ላስቀምጥ። ባሌ ውስጥ በክፉ ቀን የተተወ ውሻ ጉዳቱ ከባለቤቱ ደጃፍ ያልፋል፤ ለጎረቤት ልጅ፣ ለከብት፣ ብሎም ከኢትዮጵያ በቀር በየትም ለማይገኘው ቀይ ቀበሮ ይተርፋል። ታስቦበት የተዘጋጀ ውሻ ግን ቤተሰቡ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፤ ማንንም ወደ ኋላ አይጎትትም።

የአካባቢያችን የአየር ጠባይ ብዙ መልክ አለው። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር ትበልጣለች። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚያልፈው መንገድ የሳነቴን አምባ ሲያቋርጥ 4,000 ሜትር ይደርሳል፤ አጠገቡ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። እዚያ ላይ በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ የወረደ ቅዝቃዜ ተመዝግቧል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ቀኑ ይሞቃል። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በእነዚያ ወራት በረዶ በማሳ ላይ ያለውን ስንዴና ገብስ ይመታል፣ ሻያና ቶጎናም ሞልተው ይወርዳሉ። ወቅቱ ሲያልፍ ውርጩ ይተካል። ከሐረና ደን ወዲያ ባለው ቆላ ደግሞ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ከሽፈው ከብቱ በየሜዳው አልቋል። ስለዚህ አንድ ዞን ሆኖ ውርጭን፣ በረዶን፣ ጎርፍንና ድርቅን በአንድነት መጠበቅ ያለበት አካባቢ ነው። በእነዚህ በአራቱም ጊዜ ውሻው ያለው ከቤተሰቡ ጋር ነው።

ማስጠንቀቂያ ዋጋ እንዳለው እናንተ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ከ24 ሰዓት በፊት የደረሰ ማስጠንቀቂያ የሚመጣውን ጉዳት በ30 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ደጋግሞ ይጠቅሳል። ይሁን እንጂ ይህ የሚሆነው ቃሉ ቤት ገብቶ ሥራ ሲሆን ነው። በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲወስድ ሕዝቡ ተኝቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ሰዓት ሰው ምን እንደሚያነሳ፣ ማንን እንደሚይዝ፣ በየት በኩል እንደሚወጣ አስቀድሞ ካልተስማማ የሚቀረው ግርግር ብቻ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ለዚህ ነው። ለቤተሰብ የሚሰጠው ምክር ሰነድን በላስቲክ መጠቅለል፣ ደረቅ ምግብ፣ ባትሪና ብርድ ልብስ ማዘጋጀት፣ መገናኛ ቦታ መወሰን ነው። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። የእንስሳት ነገር ሲነሳም የሚታሰበው በሬው፣ ላሟ፣ በጉና ግመሉ ነው፤ ውሻ ግን ከሰውም ከከብትም ዝርዝር ወጥቶ መሐል ላይ ይቀራል።

ይህ ክፍተት ምን እንደሚያስከትል ከሌላው ዓለም የታየ ምሳሌ አለ። በነሐሴ 1997 ዓ.ም ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ የአሜሪካዋን ኒው ኦርሊንስ ሲያጥለቀልቅ የሞተው ሰው ከሺህ በላይ ነበር። ከቤታቸው አንወጣም ካሉት መካከል በርካቶቹ ምክንያታቸው ውሻቸውን ወይም ድመታቸውን ይዘው መውጣት አለመቻላቸው እንደነበር ኋላ በተደረጉ ጥናቶች ተረጋግጧል። በዚያው ሰሞን ስኖቦል የተባለች ትንሽ ነጭ ውሻ አውቶቡስ ሊሳፈር ከነበረ ሕፃን እጅ ተወስዳ፣ ልጁ እስኪያስመልሰው ድረስ ማልቀሱ በዜና ተሰራጨ። ነገሩ እንደ ልጅ ለቅሶ ብቻ አልታየም። በዓመቱ የአገሪቱ ምክር ቤት የአደጋ ጊዜ ዕቅዶች የቤት እንስሳትንም እንዲያካትቱ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ሕግ አውጪዎቹ የተረዱት ነገር ግልጽ ነው፤ ሰውን ለማውጣት ሰው የሚሳሳለትን ነገር አብሮ ማውጣት ያስፈልጋል።

የአገራችንም መከራ ወደ አደጋ ቦታ ስለመመለስ የሚያስተምረን አለው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችን አልፈዋል። ከእነሱ መካከል ብዙዎቹ ቀድመው በአፈር የተዋጡትን ለማውጣት የተሰበሰቡ፣ ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ነበሩ። እነሱ የሄዱት ለሰው ነው፤ የሰውን ነፍስ ከውሻ ጋር ማነጻጸር ለማንም አይገባም። የምለው ሌላ ነው። የተናደ መሬትና የሞላ ወንዝ ሁለተኛ ጊዜ እንደሚመጣ ካወቅን፣ በመጀመሪያው ደቂቃ ሊወጣ የሚችል ነገር ሁሉ በመጀመሪያው ደቂቃ መውጣት አለበት። የታሰረ ውሻ የቀረበት ቤት ልጅን ወደ ኋላ የሚጠራ ቤት ነው። ይህን ምክንያት ቀድሞ ማጥፋት ደግሞ በእጃችን ነው።

በከተሞቻችን እንደ ልጅ የሚያድገው ትንሽ ውሻ እዚህ ላይ የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። ሰውነቱ ትንሽ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ ጸጉሩ ስስ ከሆነ የጎባ የውርጭ ሌሊት እንደ በግ ጠባቂው ውሻ አያልፍለትም። ገመድ ለምዶ ስለማያውቅ በጭንቅ ሰዓት ሲታሰር ይናከሳል ወይም አምልጦ ይጠፋል። ከእመቤቱ እጅ ካልሆነ አልበላም ብሎ የለመደ እንደሆነ፣ ሰው በተሰበሰበበት መጠለያ ውስጥ ተርቦ ይውላል። መብረቅ ሲጮኽ አልጋ ሥር ይገባል፤ ቤተሰቡም እሱን ለማውጣት ሲጎነበስ ጊዜው ያልፋል። ሰውየው ውሻውን መውደዱ ምንም ነውር የለበትም። ነገር ግን ማቀማጠል ጥበቃ አይደለም። ውሻውን በእውነት የሚወድ ሰው በደኅናው ቀን ገመድ ያስለምደዋል፤ በሳህን መብላት ያስተምረዋል፤ ዘንቢል ወይም ካርቶን ውስጥ ገብቶ መጓዝን እንደ ጨዋታ ያሳየዋል። የክትባት ወረቀቱን ከቤተሰቡ ሰነድ ጋር በአንድ ላስቲክ ያስቀምጣል። የሦስት ቀን ደረቅ እንጀራ፣ የውኃ ጎድጓዳ ሳህንና አሮጌ ጋቢ በር አጠገብ ያኖራል። ማን እንደሚይዘውም አስቀድሞ ይነገራል፤ ይህ ኃላፊነት ለሕፃን ሳይሆን ለአዋቂ ይሰጥ።

የገጠሩ ውሻ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይሰፋል። በባሌ ደጋ አብዛኛው ውሻ ታስሮ አያድርም፤ የተመደበለት ምግብም የለውም። የቤት ትራፊ፣ ሜዳ ላይ የወደቀ ከብትና ያገኘውን ሁሉ ይበላል። እረኞች ጎደንቱ በሚባለው ወቅታዊ የከብት ዝውውር ወደ ከፍታው ሲወጡ እሱም ይከተላል። አየሩ ሲከፋ ይህ ሁኔታ ይብሳል። ውርጭ፣ በረዶ ወይም ድርቅ በግና ጥጃ ሲገድል፣ ያልተቀበረው ጥንብ የየመንደሩን ውሻ በአንድ ቦታ ይሰበስባል፤ ባለቤቱ የሚሰጠው ሲያጣ ውሻው ራቅ ብሎ ይሄዳል። ከሌላው ጋር ይጣላል፣ ይናከሳል። የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በዚሁ መንገድ ነው። በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ክስተት እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ እንደሚመጣ፣ ምልክቱ ከታየ በኋላም ሞት አይቀሬ ለማለት እንደሚያስደፍር የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ከሚነከሱት ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው።

ቀይ ቀበሮውም የዚሁ ሰንሰለት መጨረሻ ላይ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው። በ1984 ዓ.ም አካባቢ፣ ከዚያም በ1996 ዓ.ም ከውሻ የተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በየጊዜው ከደረሰባቸው መንጋዎች ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጋውን ጨርሷል። በ1996ቱ ወረርሽኝ በወይብ ሸለቆ የደረሰው እልቂት ባለሙያዎችን ቀበሮዎቹን እየያዙ ወደ መከተብ አስገብቷቸዋል። በሽታው በ2001 እና በ2006 ዓ.ም አካባቢም ተመልሶ መጥቷል፤ ካናይን ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው የውሾች በሽታም በመካከሉ ገድሏል። የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በፓርኩ ዙሪያ ያሉትን የመንደር ውሾች ለዓመታት ሲከትብ ቆይቷል፤ በ2010 ዓ.ም ደግሞ በምግብ ውስጥ የሚሰጥ ክትባት ለቀበሮዎቹ መስጠት ተጀምሯል። በ1962 ዓ.ም የተመሠረተው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይህን ቅርስ የሚጠብቀው የፓርኩ ዘበኛ ብቻ እንዳይመስለን፤ ውሻውን በክፉ ቀን በረት ውስጥ ያሳደረ ገበሬም ጠባቂው ነው።

ከዚህ ተነስቼ የምጠይቃችሁ አምስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከባድ ዝናብ፣ ውርጭ ወይም ጎርፍ ሲተነበይ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በሚተላለፈው መልእክት ላይ «ውሻችሁን አስገቡ፣ ስትወጡ ይዛችሁ ውጡ» የምትል አንዲት መስመር ትጨመር። ሁለተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፤ ውሻ አለ ወይ፣ ተከትቧል ወይ፣ ማሰሪያና ማደሪያ አለው ወይ። ሦስተኛ፣ የውሾች ክትባት በዘፈቀደ ሳይሆን ከዝናብ ወቅቶቹ በፊትና ከብቱ ወደ ከፍታው ከመውጣቱ አስቀድሞ ይሁን፤ በሽታውን ለመግታት ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶው መከተብ እንዳለበት የታወቀ ነው። አራተኛ፣ በአየር ጠባይ የሞተ ከብት በዕለቱ እንዲቀበር ቀበሌዎች ኃላፊነት ይውሰዱ። አምስተኛ፣ ለሰው መጠለያ ተብሎ በሚለይ ትምህርት ቤት ወይም አዳራሽ ግቢ ውስጥ፣ ከሰው ራቅ ያለና ጣሪያ ያለው የእንስሳት ማሰሪያ ቦታ ይታሰብ። ቡሳ ጎኖፋ በኦሮሞ ባህል ወገን ለወገኑ የሚደርስበት ሥርዓት ነው፤ እድሮቻችንም እንዲሁ። ከእነዚህ መዋቅሮች ውጭ አዲስ ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። የመጀመሪያው «ሰው ሳይጠግብ ስለ ውሻ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ከባድ ነው፤ የሰው ቅድሚያ የማያከራክር መሆኑንም እቀበላለሁ። መጠለያ ከጠበበ ሰው ይግባ፤ መኪና ከሞላ ሰው ይሳፈር። ነገር ግን ከላይ የዘረዘርኩት ከሰው አፍ ነጥቆ ለውሻ የሚሰጥ አይደለም። ውሻውን ማሰርና መከተብ የሕፃኑን ሕይወት መጠበቅ ነው። በክፉ ቀን መንገድ ሲቆረጥና ጤና ጣቢያ ሲርቅ የተነከሰ ልጅ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ ወዲያው ክትባት ማግኘት አለበት፤ ጎርፍ መንገዱን በዘጋበት ቀን ይህ እንዴት ይሆናል? ንክሻው እንዳይደርስ ማድረግ ከማከም እጅግ ይቀላል። ስለዚህ ሰውን ማስቀደም ማለት በዚህ ጉዳይ ውሻውን አስቀድሞ ማሰብ ማለት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ውሻ በዝቷልና ማስወገድ ይሻላል የሚለው ነው። ባለቤት አልባ ውሻ በበዛባቸው ከተሞች መርዝ መበተን በአገራችን የተለመደ መፍትሔ ሆኖ ቆይቷል። ግድያው በሽታውን እንደማያቆም ግን የብዙ አገር ልምድ አሳይቷል፤ በተገደሉት ቦታ ያልተከተቡ ሌሎች ውሾች ይገባሉ፣ የተከተቡትም አብረው ያልቃሉ። በባሌ ደግሞ መርዙን የበላ ውሻ ጥንብ ቀበሮውንና አሞራውን ይዞ ይሄዳል። ቁጥሩ በዝቷል የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ መልሱ ግን ባለቤት ያለው ውሻ እንዲመዘገብ፣ ቡችላ በሜዳ እንዳይጣልና ውሻን የመከታተል ልምድ እንዲዳብር ማድረግ ነው። የክፉ ቀን ዝግጅት ለዚህ ጥሩ መነሻ ይሆናል፤ ለውሻው ማሰሪያ ያዘጋጀ ሰው ውሻው የእሱ መሆኑን አምኗልና።

ሦስተኛው ከእምነትና ከባህል የሚመጣ ነው። በአካባቢያችን ብዙ ቤተሰብ ውሻ ወደ ቤት እንዲገባ አይፈቅድም፤ ይህ መከበር አለበት። እኔም ውሻ ከሰው ጋር ይተኛ አላልኩም። ከቤቱ ጎን የቆመች፣ ወለሏ በገለባ የተሸፈነ፣ በሯ ከነፋሱ አቅጣጫ የዞረች ትንሽ ጎጆ ትበቃዋለች። በእስልምና ለጥበቃና ለከብት ውሻ መያዝ እንደተፈቀደ፣ ለተጠማ ውሻ ውኃ ያጠጣ ሰውም ምሕረት እንዳገኘ ይነገራል። በክርስትናም ለእንስሳ መራራት የደግ ሰው ጠባይ ተደርጎ ይታያል። በሁለቱም ወገን ያሉ የሃይማኖት አባቶች ይህን መልእክት ቢያስተላልፉት ከማንም በላይ ይሰማሉ።

የመጨረሻው የገንዘብ ነገር ነው። የገበሬው ቤት ገመድ፣ ጆንያና ገለባ አያጣም፤ ጎጆውም በግማሽ ቀን ሥራ ይቆማል። ወጪ የሚጠይቀው ክትባቱ ነው፤ እሱም ለአንድ ውሻ የሚወጣው፣ አንድ የተነከሰ ሰው እስኪድን ድረስ ለተደጋጋሚ መርፌ፣ ለመጓጓዣና ለጠፋ የሥራ ቀን ከሚያወጣው ጋር አይወዳደርም። ቅምጥሉን ውሻ በከተማ የሚያሳድግ ቤተሰብ ደግሞ ለመኝታውና ለሥጋው ከሚያወጣው ጥቂቱን ወደ ክትባቱ ማዞር አያቅተውም፤ ሊያዞርም ይገባዋል።

ለሮቤ፣ ለጎባና በዙሪያው ላላችሁ ቤተሰቦችም አንድ ቃል አለኝ። መሥሪያ ቤት እስኪነግራችሁ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ውሻችሁ የት እንደሚያድር፣ ነገ ውኃው ቢመጣ ማን እንደሚይዘው ተነጋገሩ፤ ያልተከተበ ከሆነ ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ውሰዱት። እናንተም የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ከሚቀጥለው በልግ በፊት የቤተሰብ ዝግጅት ዝርዝራችሁን አውጥታችሁ ውሻን የሚመለከት መስመር መኖሩን እንድታዩ፣ ከሌለም እንድትጨምሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ከባሌ ደጋ ነዋሪዎች አንዱ